ጡቡ ሲጓዝ፤ ስለ ካርቱምና ስለ ኡምዱርማን ጥንታውያን ሕንፃዎች

በአማርኛችን «ግንብ» ሲባል በመጀመሪያ በሐሳብ የሚመጣብን የጎንደሩ የዐፄ ፋሲል ግንብ ነው። ይሁን እንጂ ቃሉ ስለ ሕንፃው አገልግሎት የሚናገረው ነገር የለም፤ የሚያስረዳው ድንጋዩ በኖራ ተያይዞ መቆሙን ብቻ ነው። ዐረቦች «ቀስር»፥ ጣልያኖች «ካስቴሎ» የሚሉት ደግሞ፥ የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚተነትኑት፥ ሁለቱም ከአንድ የሮማውያን ቃል የወጡ ናቸው፤ ይኸውም የጦር ሰፈር ማለት የሆነው «ካስትሩም» ነው። ጃፓኖች «ሺሮ» ይላሉ፤ በዚህም ስም ውስጥ ከፍ ብሎ የሚታየው የእንጨት ቤት ብቻ ሳይሆን በዙሪያው የተቆፈረው የውኃ ቦይ፥ የድንጋዩ ካብና በሮቹ ሁሉ ይጠቃለላሉ። ስለዚህ በትርጉም ሥራ የሚኖር ሰው ከእነዚህ ቃሎች አንዱን በሌላው በተካ ቍጥር የሚጐድልበት ነገር አለ።

በካርቱም ስለሚገኘው ለመናገር ሲፈለግ ችግሩ ይብሳል። በዚያች ከተማ ጎንደርን የመሰለ የድንጋይ ግንብ የለም፤ ያለው ጭቃና ጡብ ነው። እርሱም ቢሆን ባለበት ረግቶ የቆየ አይደለም፤ ከአንዱ መንግሥት ወደ ሌላው፥ ከወንዙ ወዲህ ማዶ ወደ ወዲያ ማዶ ሲጓዝ የኖረ ነው። የዚህን ጕዞ ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ያነሣሣን ዋናው ምክንያት፥ በኤፕሪል 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦር ሠራዊትና «ፈጥኖ ደራሽ» በተባለው ኃይል መካከል የተነሣው ጦርነት የካርቱምን ቤተ መንግሥት አቃጥሎና አፍርሶ መተዉ ነው። ሠራዊቱ ቤተ መንግሥቱን በማርች 21 ቀን 2025 መልሶ ይዞታል። ከእንግዲህ ወዲያ የሚነሣው ጥያቄ የአስተዳደር ጥያቄ ነው፤ ሕንፃው በምን ዐይነት ይታደስ፥ ፍርስራሹስ ወዴት ይሂድ? (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን እናስታውቃለን።)

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ከካርቱም ወደ ደቡብ ምሥራቅ 20 ኪሎ ሜትር ያህል የጥቁር ዓባይን ዳር ይዞ ሽቅብ መጓዝ ያስፈልጋል። በወንዙ ምሥራቃዊ ዳር ሶባ የተባለው ሥፍራ ይገኛል፤ የአልዋ የክርስቲያን መንግሥት መዲና የነበረው ነው። አልዋ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ስም አይደለም። የአክሱም ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ዓመት ወደ ኖባ ዘምተው ባስቀረጹት የድንጋይ ጽሑፍ፥ የያዟቸውን ከተሞች በሁለት ወገን ይከፍሏቸዋል፤ አንደኛው ወገን «ንድቅ»፥ ማለት በግንበኛ እጅ የታነጸ ሲሆን፥ ሁለተኛው የሣር ቤት ነው። ከንድቆቹም መካከል አልዋን በስም ይጠሯታል። እንግዲህ የዚያ አገር ሰዎች ግንበኝነት ካርቱም ከመመሥረቷ ከ1400 ዓመት በፊት በግእዝ ቋንቋ ተመስክሮለታል ማለት ነው።

በ10ኛው መቶ ዓመት ከግብፅ ወደ ኑብያ ተልኮ የነበረው ኢብን ሱለይም አል አስዋኒ፥ ሶባ ያማሩ ሕንፃዎች፥ ሰፋፊ መኖሪያዎች፥ ወርቅ የበዛባቸው አብያተ ክርስቲያናትና የአትክልት ቦታዎች እንዳሏት ጽፏል። ከዚያ ዘመን በኋላ የመንግሥቱ ኃይል እየደከመ ሄደ። በ1520ዎቹ በኢትዮጵያ የተቀመጠው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንደሚተርከው፥ ስድስት የኑብያ መልእክተኞች ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል መጥተው ቄሶችና መነኮሳት ይላኩልን ብለው ለመኑ፤ ንጉሡ ግን እርሳቸው ራሳቸው ጳጳስ የሚያስመጡት ከእስክንድርያ ስለ ነበር ልመናውን ሳይፈጽሙላቸው ቀሩ። የታሪክ ጸሓፊዎች እነዚህን ሰዎች የአልዋ ተወላጆች ናቸው ይሏቸዋል። በመቀጠልም ሶባ ፈረሰች፤ የበሰለው ቀይ ጡቧ ግን በምድር ላይ ተከምሮ ቀረ።

በ1821 የግብፁ ገዥ የሙሐመድ ዓሊ ጦር ሱዳንን ከያዘ በኋላ፥ ሁለቱ ዓባዮች በሚገናኙበት ቦታ የተተከለው የጦር ሰፈር ቀስ በቀስ ካርቱም የምትባል ከተማ ሆነ። የመጀመሪያው የገዥ ቤት በፀሐይ ከደረቀ የጭቃ ጡብ የተሠራ ነበር፤ የክረምቱ ዝናብ በየዓመቱ እየሸረሸረው ያስቸግር ነበርና በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ በበሰለ ጡብ እንደገና ተሠራ። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ጡብ በአብዛኛው የመጣው ከሶባ ፍርስራሽ ነው። ነጋዴ የሆነ አንባቢያችን በዚህ አይደነቅም። ጡብ ለማብሰል ብዙ ማገዶ ያስፈልጋል፥ ማገዶም ገንዘብ ነው፤ የሶባ ጡብ ደግሞ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት የበሰለ፥ ከወንዙም ዳር የተቀመጠ ስለ ነበር የሚያስወጣው የጀልባውን ኪራይ ብቻ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ በ1950ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዛዊው ፒተር ሺኒ ሥፍራውን ሲቆፍሩ በመሬቱ ላይ ያገኙት በአብዛኛው የጡብ ስባሪ የተከመረበት ጕብታ ነበር። የአብያተ ክርስቲያናቱ ግድግዳ ወደ ካርቱም ሄዷል።

ጄኔራል ጎርዶን በጃንዋሪ 26 ቀን 1885 ጎሕ ሳይቀድ የተገደሉት በዚህ ቤተ መንግሥት ነው። ከተማይቱ በመሐዲ ሰዎች፥ እኛ ድርቡሽ በምንላቸው፥ ከአሥር ወር በላይ ተከባ ከቆየች በኋላ ተያዘች። የእንግሊዙ ሠዓሊ ጆይ በ1893 በሣሉት ሥዕል ጄኔራሉ በደረጃው ራስ ላይ ቆመው ጦር የጨበጡት ሰዎች ከታች ሲመጡባቸው ይታያል፤ ሥዕሉ እጅግ ስለ ታወቀ ወደ ካርቱም ይመጣ የነበረ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ያን ደረጃ ነበር። ነገር ግን ሥዕሉ ከለንደን የወጣ እንጂ ከቦታው የተነሣ አይደለም፤ በቤተ መንግሥቱም የነበረው ደረጃ ከ1899 በኋላ የተሠራ ነው። ስለዚህ እንግዳው አይቶ የሚሄደው የጎርዶንን ደረጃ የሚተካ ሌላ ደረጃ ነበር።

መሐዲው ሙሐመድ አሕመድ ከድላቸው በኋላ ስድስት ወር እንኳ ሳይሞላቸው በጁን 1885 በኡምዱርማን ሞቱ። በእርሳቸው እግር የተተኩት ኸሊፋ አብዱላሂ በነጭ ዓባይ ማዶ የምትገኘውን ኡምዱርማንን መናገሻ ለማድረግ ቈርጠው፥ በ1886 የካርቱም ሕዝብ ከተማውን ለቆ እንዲሻገር አዘዙ። የጦር መሣሪያው ግምጃ ቤትና የመርከቡ መሥሪያ ሲቀር የቀረው ቤት ፈረሰ፤ ጡቡ፥ በሩ፥ መስኮቱ፥ የጣራው ወራጅ ሁሉ በጀልባ እየተጫነ ተሻገረ። ሶባን አፍርሶ የተሠራ ከተማ እርሱም በተራው ፈርሶ ሌላ ከተማ ተሠራበት።

በኡምዱርማን ከተሠሩት ሕንፃዎች እስከ ዘመናችን የቆየው ዋናው የኸሊፋው ቤት ነው። በሁለት ጊዜ ተሠርቷል፤ መጀመሪያ በ1887፥ ሁለተኛም ባለ ደርቡ ክፍል በ1891። ከመሐዲው መቃብር ፊት ለፊት፥ ሠራዊቱ ሁሉ ለጸሎት ይሰበሰብበት ከነበረው ሰፊ አደባባይ አጠገብ ይገኛል። ከውጭ ሲታይ ጭቃ የተመረገ ዝቅ ያለ ግድግዳ ነውና የቤተ መንግሥት ክብር የለውም። ወደ ውስጥ የገባ ሰው ግን ቤቱ በግቢ ውስጥ ግቢ፥ በበር ውስጥ በር የተሠራ መሆኑን ይረዳል። ባለ ጕዳዩ የሚቆምበት፥ ዘበኛው የሚቀመጥበት፥ አማካሪው የሚገባበት፥ ቤተ ሰብ ብቻ የሚያልፍበት ለየብቻ ነው። ሙቅና ቀዝቃዛ ውኃ የሚወርድበት የመታጠቢያ ክፍልም አለ፤ ዕቃው ከካርቱም የመጣ ነው። ድህነትን ለተከታዮቻቸው በሚያስተምር መንግሥት ውስጥ ይህ መታጠቢያ ቤት መገኘቱ ስለ አገዛዝ ጠባይ ከብዙ መጽሐፍ ይልቅ ያስረዳል ብንል ማጋነን አይሆንም።

አውስትሪያዊው ስላቲን ፓሻ በምርኮ ሲኖሩ ቀን ቀን ይቆሙ የነበረው በዚህ ቤት ደጃፍ ነው። በ1895 አምልጠው ወደ ግብፅ ከገቡ በኋላ «እሳትና ሰይፍ በሱዳን» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ፤ ቤቱ ከውጭ ለማይታወቀው ዓለም የተገለጠው በአብዛኛው በእርሳቸው ብዕር ነው።

በዚሁ ቤት ዘመን የሆነውን የእኛ ሰው ሊዘነጋው አይችልም። በጃንዋሪ 1888 ሐምዳን አቡ አንጃ በሣር ውኃ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርጎ ጎንደር ገባ፤ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፥ ብዙ ሕዝብም ማረከ። በተከታዩ ዓመት በማርች 1889 ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ላይ ቈስለው ዐረፉ፤ የተቈረጠው ራሳቸውም ወደ ኡምዱርማን ተልኮ ለሕዝብ ታየ። የጎንደርን ግንቦች ያጐሳቈለው እጅና የኡምዱርማንን ቤት ያሠራው እጅ የአንድ መንግሥት እጅ ነው። እንዲህም ሆኖ በዚያ ቤት ቆሞ ማየት ለኢትዮጵያዊ ጠቃሚ ነው እንላለን፤ ታሪክን የወዳጅን ቤት ብቻ በመጐብኘት ማወቅ አይቻልምና።

ከቤቱ ጋር አብረው ሊታዩ የሚገባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የኸሊፋውንና የዘበኞቻቸውን ሰፈር ከብቦ ከነበረው ትልቅ ቅጥር የቀረው «ባብ ዓብዱል ቀዩም» የሚባለው በር ነው። ሁለተኛው በወንዙ ዳር የተሠሩት የጭቃ ምሽጎች ናቸው፤ ሱዳኖች «ጣብያ» ይሏቸዋል። ይህ ቃል ከእኛ «ጣቢያ» ጋር አንድ ሆኖ ይሰማል፤ የእኛ ግን የፖሊስና የባቡር ሆኗል፥ የእነርሱ መድፍ የሚተከልበት ነው። ምሽጎቹ የእንግሊዝና የግብፅ ጦር በወንዙ መምጣቱ ሲታወቅ የተሠሩ ሲሆኑ፥ በግድግዳቸው ለመድፍ የሚሆን ቀዳዳ ተትቶላቸዋል። አሳቡ መልካም ነበር፤ ነገር ግን በሴፕቴምበር 1 ቀን 1898 ባለ መድፍ መርከቦቹ ሲደርሱ የጭቃው ግድግዳ አዲሱን ጥይት የሚችል ሆኖ አልተገኘም። በማግሥቱ በከረሪ ሜዳ ከ10000 በላይ የኸሊፋው ወታደሮች ወደቁ።

ከእነዚያ መርከቦች «መሊክ» የተባለችው በ1896 በለንደን ተሠርታ፥ በክፍል በክፍል ተፈታ መጥታ በዓባይ ዳር የተገጠመች ናት። አዛዧም የጄኔራል ጎርዶን የወንድም ልጅ ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ለብዙ ዓመታት በካርቱም የጀልባ ክበብ ቤት ሆና አገልግላለች። ምሽጉን ያፈረሰችው መርከብና የፈረሰው ምሽግ ትርፍራፊ በአንድ ከተማ ሁለት ዳርቻ ሲገኙ የመሰለ ነገር በሌላ አገር መኖሩን እንጃ።

የመሐዲው መቃብር ጕልላት በዚያ ቀን በመድፍ ተመታ፤ ኋላም በጄኔራል ኪችነር ትእዛዝ ጨርሶ እንዲፈርስ ተደረገ። አሁን የሚታየው በ1947 የመሐዲው ልጅ ሰይድ ዓብዱራሕማን እንደ ቀድሞው አድርገው ያሠሩት ነው። ታድያ መቃብሩ ሲፈርስ ከፊቱ ያለው የኸሊፋው ቤት ለምን ዳነ? መልሱ ቀላል ነው፤ የሚያስፈልገው ሰው ስለ ተገኘ ነው። በኡምዱርማን የተሾሙት የእንግሊዝ አስተዳዳሪዎች ቤት ይፈልጉ ነበር። ገብተው ተቀመጡበት፤ ጣራው ባፈሰሰ ጊዜ አስጠገኑት፥ ምርጉ በረገፈ ጊዜ አስመረጉት። የጭቃ ቤት በየዓመቱ ካልተመረገ ዝናብ እንደሚያፈርሰው ያውቃሉና። በ1928 ሙዚየም ሆነ። ከ2023 በፊት በነበሩት ጥቂት ዓመታትም በብሪቲሽ ሙዚየም ረዳትነት ጥሩ እድሳት ተደርጎለት ነበር። በአሁኑ ጦርነት ግን ጉዳት ከደረሰባቸው ሙዚየሞች አንዱ እርሱ ነው።

ቤተ መንግሥቱን በሚመለከት፥ ኪችነር በሴፕቴምበር 4 ቀን 1898 በፍርስራሹ ፊት ጸሎት አስደርገው ሰንደቅ ዓላማ ካሰቀሉ በኋላ፥ በዚያው በአሮጌው መሠረት ላይ አዲስ እንዲሠራ አዘዙ። ሥራው ከ1899 እስከ 1906 ቆየ። ፊቱን ወደ ጥቁር ዓባይ የመለሰ፥ ነጭ፥ ቅስት የበዛበት ባለ ደርብ ቤት ሆኖ ወጣ። ሱዳን በጃንዋሪ 1 ቀን 1956 ነጻነቷን ስታገኝ የጠቅላይ ገዥው ቤት የሪፑብሊኩ ቤተ መንግሥት ተባለ። ከአጠገቡ የነበረው በ1912 የተባረከው የእንግሊዞች ካቴድራልም በኋላ ዘመን የቤተ መንግሥቱ ሙዚየም ሆነ። በ2015 በቻይና መንግሥት ርዳታ አዲስ ቤተ መንግሥት ከጎኑ ተሠርቶ በጃንዋሪ 26 ቀን ተመረቀ፤ ቀኑ ጎርዶን የወደቁበት 130ኛ ዓመት ስለ ሆነ ያለ አሳብ የተመረጠ አይደለም። በ2023 ቃጠሎ የነደደው፥ በሁለት ዓመት ውጊያም የፈራረሰው ይህ ሁሉ ነው።

እዚህ ላይ ራቅ ያለ አገር ምሳሌ ማምጣት ይጠቅማል። ጃፓን ከ1868 በኋላ አስተዳደሯን ስታድስ የመሳፍንቱ ግንቦች ጥቅም የሌላቸው ሆነው ታዩ፤ በ1873 በወጣው ትእዛዝም አብዛኛዎቹ እንዲፈርሱ ወይም እንዲሸጡ ተፈረደባቸው። ዛሬ ከጥንት እንደ ነበረ የቆመ ዋና የግንብ ቤት ያላቸው 12 ሥፍራዎች ብቻ ናቸው። የዳኑበት ምክንያት ከኡምዱርማኑ ብዙ አይለይም። በሂሜጂ የሚገኘው፥ በ1609 የተፈጸመው ትልቁ ግንብ፥ የወታደር ሰፈር ስለ ሆነ ቆየ፤ ናካሙራ የተባሉ ኮሎኔልም በ1878 እንዲጠገን ለበላዮቻቸው አመልክተው ፈቃድ አገኙ። በማትሱሞቶ ያለው በሐራጅ ተሸጦ ሊፈርስ ሲል ኢቺካዋ ርዮዞ የተባሉ የከተማው ሰው በግንቡ ውስጥ የዕቃ ኤግዚቢሽን እያሳዩ ከመግቢያው በተሰበሰበው ገንዘብ ከገዢው አስመለሱት። ነጋዴዎቻችን ይህን ልብ እንዲሉት እንመኛለን፤ ግንቡ የዳነው በመኰንኖች ጦር ሳይሆን በትኬት ሽያጭ ነው።

በኦሳካና በናጎያ ግን ሌላ መንገድ ተይዟል። የኦሳካው ግንብ በ1931፥ በ1945 በቦምብ የተቃጠለው የናጎያው ደግሞ በ1959፥ ሁለቱም በብረትና በሲሚንቶ እንደገና ተሠሩ። ከሩቅ ሲታዩ ያምራሉ፤ የናጎያው አሳንሰር ሳይቀር ተገጥሞለት ነበር። ከቀረቡ በኋላ ግን ግንቡን የሚመስል የሲሚንቶ ቤት መሆኑ አይደበቅም። የናጎያ ከተማም ከብዙ ዓመት በኋላ ተጸጽታ በእንጨት ልትሠራው ተነሥታለች። ከእነዚህ ሁሉ እጅግ የሚያስደንቀን የኩማሞቶ ሥራ ነው። በ2016 የምድር መንቀጥቀጥ የድንጋይ ካቡን በናደው ጊዜ፥ የወደቀው ድንጋይ እያንዳንዱ ቍጥር ተጽፎበት በሜዳ ላይ ተዘረጋ፤ ከአደጋው በፊት ከተነሡት ፎቶግራፎች ጋር እየተመሳከረም ወደ ቀድሞ ቦታው እንዲመለስ ሥራው ተጀመረ። ድካሙ ብዙ ዓመት የሚፈጅ ነው።

«ይህ ለሀብታም አገር ነው» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገር ግን ካርቱም ራስዋ ይህንኑ ሥራ ከጃፓኖቹ ቀድማ ሠርታዋለች። በ1960ዎቹ በግብፅ የአስዋን ግድብ ሲሠራ በሱዳን ወገን ያሉት ጥንታውያን ሥፍራዎች ሊሰጥሙ ሆነ። ቡሄን የተባለው ትልቁ የፈርዖኖች የጭቃ ጡብ ምሽግ ከውኃው በታች ቀረ፤ በውስጡ የነበረውን የንግሥት ሐትሸፕሱትን ቤተ መቅደስ ግን፥ ከሰምናና ከአክሻ ቤተ መቅደሶች ጋር፥ ጀርመናዊው መሐንዲስ ፍሪድሪክ ሂንክል ድንጋይ በድንጋይ እያስፈቱ ወደ ካርቱም አስመጥተው በ1971 በተከፈተው በብሔራዊው ሙዚየም ግቢ መልሰው አቆሟቸው። ገንዘቡ ትንሽ ነበር፤ የነበረው መዝገብና ትዕግሥት ነው። ይህ ሙዚየም በአሁኑ ጦርነት ብዙ ዕቃው ተዘርፏል። ትላልቆቹ ድንጋዮች ግን እንደ ወርቅና እንደ ሐውልት በመኪና ተጭነው የሚጠፉ አይደሉም።

ስለ ራሳችን አገርም ጥቂት እንበል። በጎንደር ከ1936 እስከ 1941 የነበሩት ጣልያኖች ግንቦቹን መሥሪያ ቤት አድርገው በሲሚንቶ ጠገኗቸው፤ በ1970ዎቹ የተሠማሩት አዳሾች ደግሞ ያን ሲሚንቶ እያስለቀቁ በኖራ ለመተካት ደከሙ። ሥፍራው በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በቅርብ በተደረገውም እድሳት የግንቦቹ መልክ ተለወጠ በሚሉና እንዲያውም ጥንታዊ መልካቸውን አገኙ በሚሉ ሰዎች መካከል ክርክር ተነሥቷል፤ ክርክሩ መነሣቱን እኛ እንደ ጤና ምልክት እንቈጥረዋለን። በምጽዋ በ1870ዎቹ በስዊሳዊው ሙንዚንገር ጊዜ የተሠራው ቤተ መንግሥት ግን በ1990 ጦርነት ጕልላቱ ተቀዶ ቀርቷል። ሱዳኖቹ ሱዋኪንም የዛጎል ድንጋይ ቤቶቿ የወደቁት በጦር አይደለም፤ በ1909 ፖርት ሱዳን በመከፈቱ ነጋዴው ለቆ ስለ ሄደ ነው። ወደብ የሚያውቅ አንባቢ የቀረውን ራሱ ያስበዋል።

ወደ ካርቱም እንመለስ። ቤተ መንግሥቱን እንደገና ለመሥራት የሚሾመው ባለሥልጣን ሁለት መንገድ ይቀርብለታል። አንዱ ፍርስራሹን በፍጥነት አስጠርጎ እንደ ቀድሞው ነጭ፥ እንደ ቀድሞውም ቅስት ያለው የሲሚንቶ ቤት ማቆም ነው። ይህ ቶሎ ያልቃል፥ በፎቶግራፍም ያምራል፤ ለተቋራጩም የሚመቸው ይኸው ነው። ሁለተኛው፥ የቆመው ግድግዳ ከነጥላሸቱ እንዲለካ፥ የወደቀውም እንዲለይ ማዘዝ ነው። በእኛ አስተያየት የሚሻለው ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም ጡቡ የሚናገረው ነገር አለውና። በዚያ ሥፍራ በ1850ዎቹ ከሶባ የመጣ ጡብ አለ ወይስ የለም የሚለውን ለማወቅ ክምሩ ከመጫኑ በፊት አንድ ሰው መለኪያና መዝገብ ይዞ ቢቆም ይበቃል። የተመለሰው ጣቢያ ሠራተኛ፥ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሓፊ፥ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ሁሉ ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ ነው።

ለኸሊፋው ቤት የሚያስፈልገው ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው፤ የተበሳው ጣራ እንዲደፈንና ግድግዳው እንዲመረግ ነው። ይህም በክረምት መግቢያ፥ ማለት ከጁላይ በፊት መፈጸም አለበት። በኡምዱርማን የጭቃ ምርግ የሚያውቁ ሽማግሌዎች አሉ፤ ጭቃውም ከወንዙ ዳር በነጻ ይገኛል። ወጪው የሠራተኛው የቀን ሒሳብና የውኃ መቅጃው ነው።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው መሠረቱ ነው። ኪችነር በአሮጌው ላይ ስላሠሩ፥ የ2015ቱም አዲስ ቤት ከጎን እንጂ ከላይ ስላልተተከለ፥ ጎርዶን የነበሩበት የቤት መሠረት ከቃጠሎው ክምር በታች ሳይነካ ይገኛል ተብሎ ሊታሰብ ይችላል። ስለዚህ ማናቸውም የመቆፈሪያ መኪና ወደ ግቢው ከመግባቱ በፊት የጥንታውያን ዕቃዎች ክፍል ፈቃድ በጽሑፍ እንዲጠየቅ፥ ፈቃዱም ከሥራው ውል ጋር ተያይዞ እንዲቀመጥ ያስፈልጋል።